ሰሙ ያልቆመ ቅኔ፤ ስለ «ጤዛ» ፊልም

በጎንደር ተወልደው በውጭ አገር ስማቸው የገነነውን የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ሥራ መንቀፍ በእኛ አገር የሚያስወድድ ነገር እንዳይደለ አውቃለሁ። «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት ተቀበለ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ በሚደረገው የአፍሪቃ ፊልሞች በዓል ከሁሉ የሚበልጠውን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። የአገር ልጅ በባዕድ አደባባይ ሲከበር ደስ የማይለው የለም፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን መሸለም አንድ ነገር ነው፤ «የደርግን ዘመን ጦርነት እንደ ነበረ ያሳየን ይህ ፊልም ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ ምስክር አያሻም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚሉ የተማሩ ወንድሞች በዝተዋልና ምስጋናው ከሥራው ልክ ማለፉን ለማስረዳት ይህን ጻፍሁ።

የፊልሙ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንበርብር የሚባል በጀርመን አገር የተማረ ሰው አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ሌሊቱን በቅዠት ይታወካል፤ ትዝታውም አንድ ጊዜ ወደ ጀርመን የተማሪዎች ክርክር፣ አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የደርግ ግድያ ይወስደዋል። በመንደሩም ጦርነት ነው፤ ወታደሮች ልጆችን ሊያፍሱ ይመጣሉ፤ ልጆቹም በዋሻ ይሸሸጋሉ። እናቱ መታወኩን አይታ ጠበል ታስጠምቀዋለች። በዚህ ቅር የሚለው ካህን ቢኖር እኔ አልተባበረውም፤ እናት ለታመመ ልጇ የምታደርገው ይህንኑ ነውና።

ነቀፌታዬ ከወዲህ ነው። በቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰምና ወርቅ በሆነ ቅኔ ውስጥ ሰሙ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ወርቁን ለመሸከም ብቻ የተጠራ፣ በራሱ ግን ነገር የማይሆን ሰም ቢያመጣ፣ ወርቁ የቱን ያህል ቢያምር ተማሪው ከመምህሩ ተግሣጽ አያመልጥም። አንበሳን ለንጉሥ ምሳሌ ያደረገ ሰው አስቀድሞ አንበሳው እንደ አንበሳ እንዲያገሣ ሊያደርግ ይገባዋል። አሁን «ጤዛ»ን በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ስሙ ራሱ መልካም ሰም ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋው የማለዳ ጤዛ ለጠፋው ትውልድ ምሳሌ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል። መንደሩ ግን እንዲህ አይደለም። ገበሬው፣ እረኛው፣ በዋሻ የተሸሸገው ልጅ የገቡት የአንበርብርን ልብ እንዲያሳዩ ነው። ልጆቹ ሲሳደዱ እናያለን፤ ወዲያውም ነገሩ ተመልሶ ስለ ምሁሩ ጸጸት ይሆናል። ወርቁ የተማረው ሰው ኀዘን ነው፤ ሰም የሆነው የባላገሩ ደም ነው፤ ሰሙም አልቆመም።

ይህ የሚያሳዝነኝ ስለ ፊልም ሕግ ተቈርቍሬ አይደለም። እኛ ያለንበት አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በዚህ መንገድ ያላለፈ ጦር ጥቂት ነው። በ1969 ዓ.ም. የኢዲዩ ጦር መተማንና ሑመራን በያዘ ጊዜ፣ በጎንደርም መላኩ ተፈራ የደርግ ሹም ሆኖ ወጣቱን በፈጀ ጊዜ፣ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ጊዜ፣ በመጨረሻም በ1983 ዓ.ም. ደርግ እስኪወድቅ ድረስ፣ መከራው በዚህ አገር ያልገባበት ቤት የለም። ከመከራውም የከፋው አፈሳ ነበር። ወታደር አጕዳይ የነበረው የገበሬ ማኅበር ነውና፣ ኮታ ይመጣበታል፤ ሊቀ መንበሩም የጎረቤቱን ልጅ መርጦ ይሰጣል። ወታደሩ ሲሄድ ሊቀ መንበሩና የልጁ እናት በአንድ መንደር ይቀራሉ፤ በአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። በዚያች እናትና በዚያ ሰው መካከል የነበረው ዝምታ ከጀርመን አገር ክርክር ሁሉ የሚበልጥ ድርሰት ነበር። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም ግን ማዕከሉን በዚህ ላይ አላቆመም።

«ድርሰት ዜና መዋዕል አይደለም፤ ደራሲ የገዛ ሕልሙን ቢያሳይ ምን ይወቀሳል?» የሚል ይነሣል። መልካም፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሕልም ከሆነ ሕልም ይባል እንጂ ምስክር አይባል። ደግሞም ፕሮፌሰሩ ሰሙን ማቆም የማይችሉ ሰው እንዳይደሉ በቀድሞ ሥራቸው አሳይተዋል። በ1966 ዓ.ም. አገሩ ሲናወጥ የቀረጹት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጥቁርና ነጭ፣ ገንዘብ ያነሰው ፊልም ነው፤ በዚያ ግን ባላገሩ ሲያርስ ያርሳል፣ ባለ መሬቱ ሲቈጣ ይቈጣል፤ ማንም የማንም ምሳሌ ሳይሆን በፊት ሰው ነው። ምሳሌነቱ ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል። ዛሬ በየጉባኤው «ጤዛ»ን የሚያነሡ ሰዎች ስለዚህኛው ሲጠየቁ ዝም ይላሉ፤ ይህ እንኳ ምስጋናው ሥራውን አይቶ ሳይሆን ሽልማቱን ሰምቶ እንደ መጣ አያስጠረጥርምን?

ሌላም የቅርብ ሚዛን አለ፤ እርሱም ከገዛ ቤታቸው ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ተውኔት ደራሲ ነበሩ፤ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በጎንደር አገር ስለ ተዋጉት አርበኞች የጻፉት ነው። በዚያ መጽሐፍ አርበኛው በስሙ ይጠራል፤ ቦታውም በስሙ ይጠራል። የአርበኛው የልጅ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ «ይህ አያቴ ነው» ሊል ይችላል። ልጃቸው ከአባታቸው የበለጠ ዝና አገኙ፤ በዚህ አንቀናም። ነገር ግን ከዋሻ ተጐትቶ የወጣውን የአንዱን ልጅ ወንድም ይዘን ፊልሙን ብናሳየው «ይህ ወንድሜ ነው» የሚልበት ቦታ አያገኝም።

በ1982 ዓ.ም. አሥራ ስድስት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሃምሳውን አልፏል። እኔም በዚያን ጊዜ የቆሎ ተማሪ ነበርሁና እኩያዬ ነው። ከእነዚያ አንዳንዶቹ በጭልጋ ቀበሌዎች ዛሬም ያርሳሉ፤ በገበያ ቀን አይከል ይመጣሉ። ልጆቻቸውን የሰጡት እናቶች ግን ከሰማንያ አልፈዋል፤ በየዓመቱም እንቀብራቸዋለን። በጎንደር ተቀምጠው ስለ «ጤዛ» ሦስት ሰዓት የሚከራከሩት ወንድሞች ይህን መንገድ በአውቶቡስ በግማሽ ቀን ይደርሱበታል፤ ደብተርና እርሳስ ይዘው ቢመጡ የሚያነጋግሩትን ሰው እኔ አሳያቸዋለሁ።