«መኪናዋ መጮኋን አልተወችም፤ የአክስቴን ባል ልክሰሰው?»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ደቡብ ወሎ፣ ከከላላ ነው። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን እንደተለመደው ትተን ጉዳዩን እነሆ፦

«ከወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ አሮጌ ኮሮላ ገዛን። ከከላላ ወደ አቀስታ፣ ሥራ ሲገኝም እስከ ደሴ በኮንትራት እሠራባታለሁ። መሪ ሳዞር ከፊት ጎማ በኩል ‹ቀጭ ቀጭ› ማለት ጀመረች። መካኒኩ የአክስቴ ባል ነው፤ ‹ሁለቱም የፊት አክስሎች አልቀዋል› አለኝ። በሹፌር ልኬ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አስመጣሁና ገጠመልኝ። ‹ቀጭ ቀጩ› ጠፋ። አሁን ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ትንቀጠቀጣለች፤ ስፈጥን ደግሞ ‹ውውው› የሚል ድምፅ አለ። ስነግረው ‹የኔ ሥራ ንጹሕ ነው› ይላል። ወንድሜ ‹አጭበርብሮናል፣ እንክሰሰው› ብሎ ቆርጧል። አክስቴ ቤታችን መምጣት ትታለች። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ስለ ክሱ ከሆነ መልሴ አጭር ነው፤ ዛሬ አትክሰስ። ማን እንዳጠፋ ገና አላወቅህማ! ዕቃውን የገዛኸው አንተ፣ የገጠመው እሱ። ጥፋቱ ከዕቃው ነው? ከአገጣጠሙ ነው? ወይስ ቀድሞም የነበረ ነው? ይህንን መኪናዋ ራሷ ትነግርሃለች። አንተ ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ብቻ ጠይቃት።

እንዲገባህ ትንሽ ወደ ውስጥ እንግባ። ኮሮላ ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፊት ጎማ የምትጎተት መኪና ሆናለች። የፊት ጎማ ደግሞ ሁለት ሥራ አለበት፤ ይጎትታል፣ ይዞራልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ አክስል ጫፍና ጫፍ መተጣጠፊያ አለ። ጎማው ጋ ያለው ብዙውን ጊዜ ስድስት ኳሶች የሚሽከረከሩበት ነው፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ ያወጣው ዘዴ ነው። ካምቢዮው ጋ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሮለሮች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተቱበት ነው።

እንግዲህ ልብ በል! የውጩ ሲያልቅ መሪ አዙረህ ስትንቀሳቀስ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። ይሄ ጠፍቶልሃል፤ ስለዚህ የአክስትህ ባል መጀመሪያ የነገረህ እውነት ነበር። ይህን ለወንድምህ ንገረው።

የውስጠኛው ሲያልቅ ግን ቀጥ ያለ መንገድ ላይም ቢሆን ነዳጅ ስትረግጥ ያንቀጠቅጣል፣ እግርህን ስታነሳ ይተዋል። የአንተ የዳገት ጣጣ ይህንን ይመስላል። ያገለገለ አክስል ግሪስ ተቀይሮለት፣ አዲስ የጎማ ሽፋን ለብሶ ሲመጣ ሙሽራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሮለሮቹ የሚሄዱበት ቦታ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ካልተከፈተ መካኒክም ቢሆን አያየውም። ደግሞም የግራና የቀኙ ርዝመት ይለያያል፤ የማንዋልና የአውቶማቲክ መኪናም አክስል ላይገጥም ይችላል። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተጋድመው ርዝመታቸው ተለክቶ፣ ጥርሳቸው ተቆጥሮ ነበር? አሮጌዎቹን ካልጣልካቸው አሁንም ይቻላል። ሞተሩን የሚሸከሙት የጎማ ድጋፎች ሲበጠሱም ተመሳሳይ መንቀጥቀጥ ያመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ከአክስሉ ርካሽ ናቸው።

«ውውው» የሚለው ሌላ ታሪክ ነው። ነዳጅ ብትረግጥም ብትተውም ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ከሆነ የጎማውን ኩሽኔታ ጠርጥር። ሰፊና ጭር ያለ መንገድ ላይ መሪውን ቀስ አድርገህ ወደ ግራ ስታደርግ ድምፁ ከበረታ ብዙውን ጊዜ የቀኙ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሆን ከበረታ የግራው። ይህ ከአገጣጠም ሊመጣ ይችላል፤ አሮጌው አክስል በመዶሻ ተደብድቦ ከወጣ፣ ወይም አክስሉ ወጥቶ ሳለ መኪናዋ በጎማዋ ከተገፋች ኩሽኔታው ይጎዳል። ግን ቀድሞውኑ አልቆ «ቀጭ ቀጩ» ሸፍኖትስ ቢሆን?

አሁን አደገኛው ነገር። መሐል ጎማው ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ በጉልበት ግምት አይጠብቅም። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ልኩ 200 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የመኪናዋ መመሪያ ይናገራል። ዳዶው ከላላ ኩሽኔታው ይበላል፤ ካልተቆለፈም ሊፈታ ይችላል። በጉጉፍቱ በኩል አቀስታ የወጣ ሹፌር ያ ቁልቁለት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ተሳፋሪ ሳትጭን፣ ይህንን አስፈትሽ። ለሥራው ተፈትቶ የነበረው የቴስቲና ዳዶም ይታይ። ከዚያ መኪናዋ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ቆማ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተንቀጫቀጨ አትንዳት።

አንድ ነገር ልጨምር። ካምቢዮው ሥር ጠዋት የዘይት ጠብታ ካየህ፣ አክስሉ ሲገባ ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ቀዶት ይሆናል። አክስል ሲወጣ ዘይት ይፈሳልና ልኩ ተሞልቶ እንደሆነም ጠይቅ። ማርሽ ገብቶ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ ካለች ደግሞ አንዱ አክስል እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው፤ ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ወደ ላላው ወገን ይሰደዋል።

የአክስትህ ባል «ንጹሕ ነው» የሚለው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ጋራዥ በር ላይ፣ ሜዳ መንገድ፣ ባዶ መኪና ሲነዳት አትንቀጠቀጥማ! የአንተ መንገድ ዳገት ነው፣ መኪናህም ሙሉ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ዳዶው ከታየ በኋላ ሂድና «ጋሼ፣ አብረን እንውጣ» በለው። ሁለት ዘመድ ከኋላ አስቀምጡ፣ ዳገት ፈልጉ፣ አንተ ንዳ፣ እሱ ያዳምጥ። ሲወጣ ምን፣ ሲወርድ ምን፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ምን እንደሚል በወረቀት ጻፉ። ካልተስማማችሁ ዘመድ ያልሆነ ሌላ መካኒክ ወረቀቱን ይዞ ይመልከት። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ቃል ተግባቡ፤ ዕቃው ከሆነ የአንተ ኪሳራ፣ አገጣጠሙ ከሆነ የሱ ጥገና። ይህን የሚቀበል ሰው አጭበርባሪ አይደለም። እምቢ ካለም ያኔ ሽማግሌ አለ፤ ፍርድ ቤቱም የትም አይሄድም።

የከተማ ልጆች ደግሞ «የገጠር ወሬ» ብላችሁ እንዳታልፉት! በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ያለችንን ቪትዝና ኮሮላ እየጠገንን ነው የምንኖረው። ታዲያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዕቃ መግዛትም፣ መካኒክ መቀየርም፣ ዘመድ መስደብም ኪስን ያራቁታል። መጀመሪያ አዳምጡ፣ ቀጥሎ ፈትሹ፣ ግዢው በመጨረሻ ይምጣ።

የከላላው ወንድሜ፣ የዳዶው ነገር አደራ! አክስትህንም ቡና ጠርተህ አስታርቃት፤ የመኪናው ምርመራ እስኪያልቅ እሷ የምትቀየምበት ምክንያት የለም።

በሉ፣ ሳምንት ሰው ይበለን!