ለመቅበር 3 ቀን፣ ለማስታመምስ?

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ከደጋው በርካታ ወጣቶች ለቀን ሥራ ይወርዳሉ። ውሏቸው ማሳ ውስጥ፣ አዳራቸውም እዚያው ሜዳ ላይ ነው። በዚያ የምትነክሳቸው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ታስተላልፋለች። ይህ በሽታ ካልታከመ የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው።

መድኃኒት ግን አለው። በአገራችን ለዓመታት የተሠራበት ሕክምና በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀናት መውሰድን ይጠይቃል። ለመሆኑ በእነዚህ ቀናት ከታማሚው አልጋ አጠገብ የሚያድረው ማን ነው? ወንድም፣ ወይም አብሮ የወረደ የአገር ልጅ ነው። የሚያጎርሰው፣ ደግፎ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ የሚሯሯጠው እሱ ነው። የቀን ሠራተኛ ነውና ባልሠራበት ቀን የሚከፍለው የለም።

መርፌው ሲያልቅ አልጋው ለሌላ ይፈለጋል፤ ታማሚው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ችግሩ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። ካላዛር ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ታማሚው በእርግጥ መዳኑ የሚረጋገጠው ከ6 ወር በኋላ በሚደረግ ምርመራ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ያለው ደምቢያ ወይም በለሳ ነው። ትኩሳቱ ቢመለስ፣ ጣፊያው ቢያብጥ ወዴት መሄድ እንዳለበት አስታማሚው አስቀድሞ ካልተነገረው ማን ይነግረዋል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉን ያመሰው ግጭት ደግሞ የመልሱን መንገድ አክብዶታል።

ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ሊቦ ከምከም አሳይቶናል። በ1997 ዓ.ም. በዚያ የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ ከቆላው በተመለሱ የቀን ሠራተኞች አማካይነት ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። መጀመሪያ የተጠረጠረውም ወባ ነበር። የቆላው ሆስፒታል የሚያውቀውን የደጋው ጤና ኬላ ካላወቀ ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ዘመዱ ለታመመበት ግን በስም ጠቅሶ የሰጠው ፈቃድ የለም። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ገጥሞታል ቢባል እንኳ የሚያገኘው እስከ 5 ተከታታይ ቀናት፣ ያውም ያለ ክፍያ ነው። 5ን ከ17 ጋር ያነጻጽሩ። በቃል ለሚቀጠረው የሰሊጥ አጫጅ ደግሞ ይህም ቢሆን ከወረቀት አያልፍም። ወንድምን ለመቅበር የሚከፍል፣ እንዳይሞት ለማስታመም ግን የማይከፍል ሕግ ሊታረም ይገባዋል።

“ገንዘቡ ከየት ይምጣ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ሁሉም ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሆስፒታሎች የሊያዘን አገልግሎት እንዲኖራቸው አድርጓል። ይህ ክፍል ታማሚው በተኛበት ቀን የአስታማሚውን ስምና ስልክ ይመዝግብ፤ የአደጋ ምልክቶቹን በአማርኛ ጽፎ ይስጠው፤ ታማሚው ከመውጣቱ በፊትም ለመኖሪያ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይደውል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የ6 ወሩን ቀጠሮ ትከታተል። ገንዘብ የሚጠይቁት የመሳፈሪያና የአስታማሚ ምግብ ናቸው፤ እነዚህን ጤና ቢሮውና ከሰሊጡ የሚያተርፉት ባለሀብቶች ቢጋሩት አይበዛባቸውም። በሽታው አገርሽቶበት የሚመለስ ታማሚ የሚያስወጣው ከዚህ ይበልጣል።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ስንል ኖረናል። አስታማሚውን ግን እስከ ዛሬ የሠራተኛ ሕጋችን በስሙ አያውቀውም። የሚቀጥለው አጨዳ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ ስሙን በካርዱ ላይ መጻፍ ያቅተናል?