ቡናውን ጠጪ፣ ቆሎውን እለፊ

«የአራዳ ልጅ ነኝ» የምትል የ19 ዓመት ወጣት እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦

«ጥርሴን ሽቦ ካሳሰርኩ አምስት ወሬ ነው። ሁለት ጊዜ ተነቅሎብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ አያቴ ቤት ቡና ላይ ቆሎ በልቼ ነው። እምቢ ስል ‹ናቀችን› ይባላል። እናቴ ያጠራቀመቻትን አውጥታ ነው ያሳሰረችኝ። አሁን መነቀሉን ልነግራት ፈራሁ። ላስፈታው ይሆን?»

እህቴ፣ እንዳታስፈቺው! ሽቦሽን የነቀለው ቆሎው ብቻ አይደለም፣ ይሉኝታም አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ላይ ያሉት ትንንሽ ብረቶች በማጣበቂያ ነው የተለጠፉት። ጠንካራ ነገር ስትነክሺ ይለቃሉ። ብረቱ የለቀቀው ጥርስ በሽቦው መሳቡ ይቆማል፣ ሕክምናውም ይራዘማል።

ስለዚህ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ሸንኮራ፣ ማስቲካና ተጣባቂ ከረሜላ ሽቦው እስኪወጣ ይቆዩሽ። ፈንዲሻም ቢሆን ገለባው ድድ ውስጥ ገብቶ ያቆስላል። ክረምት ላይ የፒያሳ በቆሎ ጥብስ ሲሸትሽ ምራቅሽን ዋጪና እለፊ፤ ካላስቻለሽ ቅቅሉን በእጅሽ ፈልፍለሽ ብዪ።

ታዲያ ምን ልብላ ካልሽ፣ እንጀራ ምን ሆነ? ሽሮው፣ ፍርፍሩ፣ ገንፎው፣ እንቁላሉ፣ ሙዙ አለልሽ። ሥጋ ሲሆን በትንንሹ ይከተፍልሽ። ሽቦው በጠበቀ ሰሞን ጥርስ ስለሚያም ለጥቂት ቀናት አጥሚትና ሾርባ ይሻልሻል። የአልጫው እርድ ጎማዎቹን ቢጫ ያደርጋቸዋል እንጂ አይጎዳም። ቶሞካ ቆመሽ የምትጠጪው ማኪያቶም ሽቦ አይነቅልም፤ ስኳሩ ግን ብረቱ ዙሪያ ተደብቆ ጥርስ ያበላሻል። ከበላሽ በኋላ በብሩሽ አጽጂ፤ መፋቂያ ብቻውን አይበቃም።

የተነቀለውን ራስሽ አትጎትቺው፣ በሱቅ ማስቲሽም አታጣብቂው። ለሐኪምሽ ዛሬውኑ ደውዪ። የሚወጋሽ ጫፍ ካለ የጥርስ ሰም ለጥፊበት።

አያትሽ ቤት ደግሞ ቆሎው ሳይቀርብ ጠጋ ብለሽ «ሐኪም ከልክሎኛል» በያቸው። ሐኪም የከለከለውን ሰው «እግዜር ይማርሽ» ይሉታል እንጂ «ናቀን» አይሉትም። ከዚያ ሳህኑን ራስሽ ተቀብለሽ ለእንግዳው ሁሉ አዙሪ። ያዞረች ልጅ ያልበላች መሆኗን ማን ያያል?

ለእናትሽም ዛሬ ማታ ንገሪያት። ያወጣችው ገንዘብ በከንቱ የሚቀረው አንድ ብረት ስለለቀቀ ሳይሆን አንቺ ደብቀሽ ስትቆዪ ነው።