ቦርከና ለምን ሰባተኛው ገጽ ላይ ይመጣል?

የመመረቂያ ጽሑፎቻችን መግቢያ የታወቀ መንገድ አለው። ከዓለም ይነሳል፣ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፣ «ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች» ላይ ጥቂት ያርፋል፣ ከዚያ ኢትዮጵያ ይደርሳል። ጉዳዩ እርሻን ከነካ ግብርና የኢኮኖሚው የጀርባ አጥንት መሆኑ ሳይነገር አይታለፍም። ተማሪው ዓመታት የኖረበት ከተማ ስሙ የሚነሳው አንባቢው ከደከመ በኋላ ነው።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። የምትጽፈው ኮምቦልቻ ላይ ወደ ቦርከና ወንዝ ስለሚገባው ፍሳሽ ነው። ረቂቋን ይዛ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ መጣችና ቡና እስኪፈላ አነበብኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሃ ለሕይወት ሁሉ አስፈላጊ ነው ይላል። ቦርከና የተጠራው ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው። ወረቀቱን አስቀመጥኩና «እስቲ እንዲያው ንገሪኝ፤ ሄደሽ ምን አየሽ?» አልኳት።

አወራችልኝ። ውሃው ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት ቀለም የለውም። ስለዚህ ጠዋት ብቻ የተቀዳ ናሙና እውነቱን ላያሳይ ይችላል። ከከተማው በታች አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ደግሞ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ውሃውን በእፍኛቸው ጨልፈው ያሸትታሉ፤ ሽታውን ካልወደዱት ያን ቀን አያጠጡም። እሷም ሽታው የከፋበትን ሰዓት እየጠየቀች ደብተሯ ላይ መዝግባለች።

«ታዲያ ይሄ የቱ ጋ ነው ያለው?»

«የለም፣ አጎቴ። በእንግሊዝኛ ስጽፈው የኔ ነገር ይጠፋብኛል። ደግሞ ገበሬ ነገረኝ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?»

ከአማካሪዋ የተመለሰው ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። የጊዜ ግሥ፣ ነጠላና ብዙ፣ ነጠላ ሰረዝ። እርማቱ ትክክል ነው። ስለ ናሙናው ሰዓት ግን አንድም ጥያቄ የለበትም።

ይህን ለሰው ስነግር «እንግሊዝኛቸው ደካማ ስለሆነ ነው» ይሉኛል። ድካሙን አልክድም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ የመጣ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ይመስለኛል። ልጁ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን የራሱን ሐሳብ በማስረጃ ደግፎ እንዲጽፍ አልተጠየቀም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ፊደል መምረጥ ነው፤ እንግሊዝኛውም ጭምር። በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ፤ ፈተናው አንድ አንቀጽ እንኳ የማያስጽፍ መሆኑ ግን መነጋገሪያ አልሆነም። ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ምርጫ ነው። በሁለቱ ፈተናዎች መካከል በድንገት በባዕድ ቋንቋ ብዙ ገጽ ያለው ጥናት አምጣ ይባላል። ተማሪው ታላላቆቹ የጻፉትን አውጥቶ መግቢያውን ቢወርስ አልፈርድበትም።

በእንግሊዝኛ ቀጥ ብሎ መጻፍ ለዚህ አካባቢ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ደሴ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን ኅዳር 1962 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት፣ «ስትራግል» ላይ፣ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲጽፍ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። በይዘቱ ዛሬም ድረስ እንጣላበታለን፤ እኔም የማልስማማበት ብዙ አለኝ። ነገር ግን ጽሑፉ አጭር ነው፤ ለምን እንደተጻፈም ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያከራከረን ጸሐፊው የሚለው ነገር ስለነበረው ነው።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከፕሮፖዛሉ በፊት ተማሪው አንድ ገጽ በአማርኛ ወይም በሚቀናው ቋንቋ ይጻፍ፤ ምን አየሁ፣ ምን እላለሁ፣ በምን አረጋግጣለሁ። እንግሊዝኛው ከዚያ ይከተል። «አማርኛው እንግሊዝኛውን ያዳክመዋል» የሚሉ መምህራን አሉ፤ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። የእህቴ ልጅ በዚያው ማታ ገጿን በአማርኛ ጻፈች። የናሙናው ሰዓት ዋና ጥያቄዋ ሆነ፤ የገበሬዎቹ ቃልም በቃለ መጠይቅ የተገኘ መረጃ ሆኖ ቦታውን አገኘ። ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ዓረፍተ ነገሮቿ አጠሩ። ስሕተት አልጠፋም፣ ግን የሚታረም ስሕተት ነው።

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ደግሞ ግፍ ነው። ክፍል ሙሉ የፍሬሽማን ተማሪ ይዞ የእያንዳንዱን አንቀጽ በየሳምንቱ አንብቦ መመለስ የሚችል ሰው የለም። በየዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት አሉ፤ ረቂቅ የሚነበብባቸው ቦታዎች ይሁኑ። ረቂቅ ማንበብም እንደ ማስተማር ሰዓት ይቆጠርና ለሚያነበው መምህር ይከፈለው።