በፉሪ ግቢ ምን ይተከል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በፉሪ ተራራ ግርጌ፣ ትናንት እህል ይዘራበት በነበረው ማሳ ላይ በየጊዜው አዲስ አጥር ሲታጠር፣ አዲስም ቤት ሲቆም እናያለን፤ ባለቤቱም ስለ ግቢው ማሰብ የሚጀምረው ቤቱን ከፈጸመ በኋላ፣ ገንዘቡም ትዕግሥቱም በተሟጠጠበት ሰዓት ነውና፣ ወይ ከበር እስከ በረንዳ መሬቱን በኮብልስቶን ያለብሰዋል፣ ወይም መንገድ ዳር ካለ ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ዐይኑ የወደደውን ሁሉ በመኪና ጭኖ ይመለሳል። የፊተኛው ዝናቡን መስረጊያ ነሥቶታል፤ ዛሬ ግን ከእርሱ ጋራ ክርክር የለኝም። የምሟገተው ከኋለኛው ጋራ ነው። እርሱ ዕፀዋትን የሚመርጠው በመልካቸው ሲሆን፣ መመረጥ የሚገባቸው ግን አስቀድሞ በሚቆሙበት ምድር ጠባይ ነው።

ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር ታልፋለች፤ ስለዚህ ለቆላ የተፈጠረው ማንጎ፣ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምልለት፣ በእነዚህ ከተሞች ቅጠል እንጂ ፍሬ የሚሰጥ አይደለም። ከከፍታው ይልቅ ብዙዎችን የሚያሳዝናቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከሞቀው ይልቅ ከባድ በመሆኑ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ በመንገዱም የብሎኬት አጥር ቢገጥመው በዚያ ይቋጠርና፣ በማግሥቱ ከአጥሩ ሥር የተተከለው የአቮካዶ ለጋ ጫፍ በፈላ ውሃ የተነከረ መስሎ ጠቁሮና ተልፈስፍሶ ይገኛል። በዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ የቆመው ሁለተኛው አቮካዶ ግን፣ ግድግዳው ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስለት፣ ምንም ሳይነካው ያነጋል። እንግዲህ አቮካዶን በፉሪ አትትከሉ አልልም፤ ከግቢው ላይኛውን ወገን፣ ከችግኙም የተዳቀለውን ምረጡ እላለሁ። ከዘር የበቀለው ለማፍራት ብዙ ዓመት ከማስጠበቁም በላይ፣ ፍሬው እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለ መሆኑም በሻጩ ቃል ብቻ የሚታመን አይደለም፤ ከሥሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የመጋጠሚያው ጠባሳ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ከዝርያዎቹም ፉዌርቴ የሚባለው ከሃስ ይልቅ ብርድን ይችላል።

ነገር ግን ለደጋ ሰው ከአቮካዶ በፊት ሊታሰቡለት የሚገቡ ኮክና ፕሪም አሉ። ኮክ ገና ቅጠል ሳያወጣ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ሐምራዊ አበባ የሚያፈነዳ ዕፅ ስለ ሆነ፣ አበባ የወደደውንም ፍሬ የወደደውንም ባለቤት በአንድ ጉድጓድ ያስታርቃቸዋል። ብቻ ሥሩ ውሃ ሲቋጥርበት አይወድም፤ ግቢያችሁ መረሬ አፈር ከሆነ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ሥሩን እንዳያፍነው አፈሩን ከፍ አድርጎ ቆልሎ በጉብታው ላይ መትከል ይገባል።

ሊቃውንቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በማኅሌተ ጽጌ እመቤታችንን በአበባ እየመሰሉ በሚያመሰግኑበት በወርኃ ጽጌ፣ ያላማረ ግቢ አይገኝም፤ ምድር ራሷ ለብሳለችና። የአትክልተኛው ምርጫ የሚመዘነው ከጥር እስከ መጋቢት፣ ቧንቧው ጠፍቶ ውሃ በቦቴ በሚገዛበት ወራት ነው። ያን ጊዜ ጽጌረዳ በየጥቂት ቀኑ ጀሪካን ትጠይቃለች፤ ቡገንቪላ ግን አንዴ ሥር ከሰደደች በኋላ በድርቁ ይበልጥ ታብባለች፤ ውርጭ በሚበረታበት በሱሉልታ ሜዳ ግን ብዙ ተስፋ አይጣልባትም። ጽጌረዳን የሚወዱ ሰዎች (እኔም አንዱ ነኝ) ከበረንዳው ፊት ሁለት ሦስት እግር ተክለው የዕቃ እጣቢውን ለእርሷ ቢያደርጉ ይበቃቸዋል።

ለአጥር ግን የፈረንጅ ጥድ በመቀስ እየተከረከመ ሠራዊት መስሎ እንዲሰለፍ ማድረጉን ለምን እንደ ወደድነው አይገባኝም። በገዛ አገራችን ቀጋ አለ፤ ነጭ አበባው መዓዛው ሠናይ፣ ቀይ ፍሬውም የሚበላ፣ እሾሁም ሌባ የሚመልስ ነው። አጋምም እንደዚሁ ልጆች የሚለቅሙት ጥቁር ፍሬ አለው። በግድግዳው ጥላ ሥር ጌሾ፣ በጓሮው ጥግ ለድፎ ዳቦው ቅጠል የሚሆን ኮባ፣ በበሩ አጠገብ ጤና አዳም ቢኖር፣ ግቢው ከቤቱ ኑሮ ጋራ ይጋባል። አበባውን ዐይቶ የወፍ ቆሎን የሚተክል ግን፣ ፍሬውን ወፎች እየበሉ በጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ስለሚዘሩለት፣ የአካባቢው ሁሉ ዕዳ ይሆናል፤ መለከት የመሰለ አበባዋን ቁልቁል የምታንጠለጥለው የአስተናግር ዘመድም መርዝ ስለ ሆነች ሕፃናት ካሉበት ግቢ መራቅ አለባት።

ሰፊ ቦታ ላለው ሰው አንድ ታላቅ ዛፍ ይገባዋል፤ ይህም ባሕር ዛፍ ባይሆን እመርጣለሁ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ማዳኑን አልክድም፤ ነገር ግን በጠባብ ግቢ ውስጥ ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም። ከሰበታ ብዙም ሳይርቅ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ጥድን፣ ወይራንና ዝግባን ይህ ምድር እንደሚወዳቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

የሱሉልታ ሰው ደግሞ ውርጩን ከመርገም ይልቅ ሊጠቀምበት ይችላል። አፕል ለማበብ ብርድ ይፈልጋልና፣ በጨንቻ ደጋ የለመደው ዕፅ እዚህም ሊሞከር ይገባዋል። አና የሚባለው ዝርያ ግን በራሱ ብናኝ ብቻ ፍሬ በደንብ ስለማይዝ፣ ከእርሱ ጋራ በአንድ ጊዜ የሚያብብ ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ያስፈልገዋል፤ ግቢው ለሁለት ዛፍ የጠበበበት ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ተነጋግሮ፣ አንዱ አናን፣ ሌላው ዶርሴት ጎልደንን ቢተክሉ፣ ንቡ አጥር አያግደውም።