ስጋትን አስቀድሞ ማወቅም ምህንድስና ነው

የግልገል ጊቤ ሁለት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በጥር ወር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ 26 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው የውሃ መተላለፊያ ዋሻው አንዱ ክፍል ተደርምሶ ሥራው ለወራት መቋረጡ ይታወሳል። በቁፋሮው ጊዜም፣ በ1999 ዓ.ም.፣ መቆፈሪያ መሣሪያው በጭቃና በተሰባበረ አለት ተይዞ ነበር። ምድር የውስጧን አስቀድማ አትናገርም።

ትልቅ ፕሮጀክት ግን ጉዳቱን የሚጠግንበት አቅም አለው። አርሶ አደሩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጉልበቱን አዋጥቶ የሠራው የገጠር ድልድይ በአንድ ክረምት ጎርፍ ሲወሰድ እህሉ ከገበያ፣ ወላዷም ከጤና ጣቢያ ይቀራሉ።

ስለዚህ የምህንድስናና የኮንስትራክሽን ተማሪዎች ከስሌቱ ጋር ስጋትን መለየትን፣ መመዘንንና መከላከልን ሊማሩ ይገባል። ትምህርቱም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። ተማሪው ወንዝ ዳር ወርዶ ጎርፉ እስከ የት ደርሶ እንደሚያውቅ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ አፈሩን ቆፍሮ ይመልከት፤ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ ይዘርዝር፤ ለእያንዳንዱም ኃላፊና መጠባበቂያ ገንዘብ መመደብን ይልመድ።

ይህ ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የጥድፊያውን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ንድፉን ያወጣው ሳይሆን ወንዙን የሚሻገረው ነው።