ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ሕግ

ሜይ 24 ቀን 2020 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ በሚባለው አካባቢ፣ ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ በጁካን ሸለቆ ያሉ ሁለት ዋሻዎችን በፈንጂ አወደመ። አንደኛው ዋሻ ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ሲጠለልበት የኖረ ነው። የተፈለገው በቦታው ያለው 8 ሚሊዮን ቶን የብረት ማዕድን ነበር።

ይህን የሰማ ሁሉ «አገሩ ሕግ የለውም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያስቆጨውም ይኸው ነው፤ ሕግ ነበረ። ፈንጂው የፈነዳው በሕግ ነው። በ1972 የወጣው የግዛቲቱ የቅርስ ሕግ፣ በአንቀጽ 18፣ ሚኒስትሩ ከፈቀደ ቅርስ ያለበትን ቦታ ማፍረስ ይቻላል ይላል። ፈቃዱ በ2013 ተሰጠ። በዓመቱ ተመራማሪዎች እዚያው ቆፍረው ከሰው ፀጉር የተጎነጎነ፣ 4,000 ዓመት ያስቆጠረ መቀነት አገኙ። በዲ ኤን ኤ ሲመረመር የፀጉሩ ባለቤቶች የዛሬዎቹ የፑቱ ኩንቲ ኩራማ ሕዝብ ቅድመ አያቶች ሆነው ተገኙ። ይሁንና አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ፈቃዱን እንደገና የሚያስመረምር መንገድ ሕጉ አልነበረውም። ኩባንያ ፈቃድ ቢከለከል ይግባኝ ይል ነበር፤ የመሬቱ ልጆች ግን ይግባኝ አልነበራቸውም።

ከፍንዳታው በኋላ ጩኸቱ በዛ። ፓርላማው መረመረ፣ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅም ከሥልጣኑ ወረደ። ጁላይ 1 ቀን 2023 አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ገበሬዎችና ባለ መሬቶች «ወረቀቱ በዛብን» ብለው ሲያማርሩ፣ የግዛቲቱ መንግሥት ከአምስት ሳምንት በኋላ ሕጉን እንደሚሽር አስታወቀ። አሮጌው ሕግ ተሻሽሎ ተመለሰ። አሁን ነባሮቹ ሕዝቦች ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ አዲስ መረጃ ሲገኝም ለሚኒስትሩ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ፈቃዱን የሚፈርመው ግን ዛሬም ሚኒስትሩ ነው።

የገበሬዎቹ ቅሬታ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። አጥር ለማጠር ጉድጓድ የሚቆፍር ሰውና ተራራ የሚያፈርስ ኩባንያ እኩል መታየት የለባቸውም። ነገር ግን ወረቀት ከበዛ ወረቀቱ ይቀነሳል እንጂ የባለቤቱ ድምፅ አይቀነስም።

ማዕድን ሌላ ቦታ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ገንዘብ የከሰረም ነግዶ ይመልሳል። 46,000 ዓመት ግን በካሳ አይመለስም። ስለዚህ የትኛውም የቅርስ ሕግ መመዘን ያለበት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቅርሱ የአያቶቹ የሆነው ሕዝብ «እምቢ» ቢል ፈንጂው ይቆማል ወይ? የማይቆም ከሆነ፣ ሕጉ የሚጠብቀው ቅርሱን ሳይሆን አፍራሹን ነው።